ያላየሁትን አልጽፍም

ከሐይቁ ዳር ጣቢያ
ግንቦት 3 ቀን

ለድንቡሼ ወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም የሚያጉረመርመው ደረጃ ስወጣ ብቻ ነው፣ ስወርድ ዝም ይላል። ታናሻችንም ደህና ናት። ዘንድሮ የፍሬ ለቃሚዎች አለቃ አድርገዋታል። ስልሳ ሴት ይዛ በየቀኑ በጀልባ ወደ ማዶ ትሻገራለች፣ ድምጿም ከሰውነቷ ሦስት እጥፍ ሆኗል። ድንቡሼ በማለቴ እንዳትቆጣ። ዋናው መሥሪያ ቤት ውስጥ «ባለሙያው» ቢሉህም እኔ አዝዬ ያሳደግሁህ እህትህ ነኝ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። አዎ፣ የሰሜኑ ሐይቅ ዳር የሙቀት ወቅት መግቢያ ትንበያ ደርሶኛል። በፖስታ ጀልባው ከመጣ አሥራ ሁለት ቀኑ ነው፣ ማኅተሙም አልተነካም፤ ስለዚህ ለአለቃህ «መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሆናል» ብለህ እንዳትዋሽልኝ። ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። «ሙቀቱ መጠነኛ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ የከሰዓት በኋላው ንፋስ ካለፉት ዓመታት ይበልጥ የላላ።» ሁለቱ ይሁኑ። ሦስተኛውን ግን ሰሌዳው ላይ አልጻፍኩትም፣ አልጽፈውምም።

ለምን እንደሆነ ታውቀው ነበር፤ ከተማ መኖር ያስረሳል መሰለኝ። ወደቡ ላይ ያለው ጥቁር ሰሌዳ እንደ እናንተ ግድግዳ ማስታወቂያ የሚለጠፍበት አይደለም። አባባ የቀኑን አየር በጠመኔ ከጻፈ በኋላ ከሥሩ «አይቻለሁ» ብሎ ካልጨመረ ማንም ካፒቴን ገመድ አይፈታም ነበር። ጡረታ ሲወጣ ለእኔ ያስረከበኝ የጣቢያውን ቁልፍና ይህችን ቃል ነው። ዘንድሮ የጀልባ ኩባንያው ለቃሚዎቹን ከሰዓት በኋላ የሚመልስ አዲስ ጠፍጣፋ ጀልባ ገዝቷል። ጠርዙ ከውሃው በላይ አንድ ክንድ አይሞላም። ንፋስ ከተነሣ ያ ነገር ጀልባ ሳይሆን ትሪ ነው። ሥራ ለመጀመር የሚጠብቁት የእኔን «አይቻለሁ» ብቻ ነው።

እኔ ደግሞ የላላ ንፋስ አላየሁም። ባለፈው ሳምንት እንኳ ንፋስ የታናሻችንን ሻሽ ከራሷ ላይ ገፎ ሐይቅ ውስጥ ጣለው፤ የለቃሚዎቹ ጀልባ ካፒቴን ነው በመቅዘፊያ ያወጣላት። ያላየሁትን አይቻለሁ ብል ዓይኔን ግንባር ያድርገው። አንተ ግን ንገረኝ፣ ይህን የንፋስ መላላት ከየት አመጣችሁት?

እህትህ

ከዋናው መሥሪያ ቤት
ግንቦት 10 ቀን

ውድ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። በስልክ ስለ ሥራዬ የጠየቅሽኝን ጊዜው ሲደርስ እነግርሻለሁ። መጥፎ ዜና አይደለም፣ ግን ገና አልበሰለም። እዚህ ስልኩ የሁሉም ጆሮ ስለሆነ በደብዳቤ መነጋገራችን ይሻላል። ጉልበትሽን ለሐኪም አሳዪ፤ ማጉረምረም በአንቺ ይብቃ።

«ከየት አመጣችሁት» ላልሽው መልሱ አጭር ነው። ከአንቺ ነው ያመጣነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በየወሩ የላክሻቸውን ቅጾች ደርድሬ፣ የዘጠኝ ሰዓቱን የንፋስ ንባብ አንድ በአንድ መዝግቤያለሁ። አምስት ሺህ ያህል ናቸው፤ ዓይኔ እስኪቀላ ነው የቆጠርኩት። ንፋሱ በየዓመቱ ወርዷል፤ በሰከንድ ከዘጠኝ ሜትር ተነሥቶ ዛሬ ሦስት ላይ ነው። አንድ ዓመት እንኳ ወደ ላይ አላለም። ጥናቱን የጻፍኩት ከስድስት ወር በፊት ነው፣ አለቃዬ በስብሰባ ላይ ከፍ አድርጎ አሳይቶታል። ኩባንያውም ጀልባውን የገዛው እሱን አንብቦ ነው።

ታዲያ አሁን የራስሽን የእጅ ጽሑፍ ልትክጂ ነው? እትዬ፣ የታናሻችንን ሻሽ እወዳለሁ፤ ነገር ግን አንድ ሻሽ ከአምስት ሺህ ንባብ አይበልጥም።

አለቃዬ ትናንት ቢሮዬ ድረስ መጥቶ «እህትህ ምን ሆነች?» አለኝ። እሱ ሰው ቢሮ የሚሄደው ለሹመት ወይም ለስንብት ነው። እባክሽ ጻፊው፤ አንዲት ቃል ናት።

ወንድምሽ

ከሐይቁ ዳር ጣቢያ
ግንቦት 19 ቀን

ለድንቡሼ፣

ሳልጽፍልህ በመቆየቴ ይቅርታ። መልስ አጥቼ አይደለም፤ መልሱ አስደንግጦኝ ነው።

ቁጥሮቹ የእኔ ናቸው፣ አልክድም። ደብዳቤህን እንደጨረስኩ «ታዲያ ያ ሁሉ ንፋስ የት ገባ?» ብዬ የአባባን የእጅ መለኪያ ከመሳቢያ አወጣሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ ያለውን መለኪያ አነበብኩና በሩጫ (በእኔ ጉልበት ሩጫ ከተባለ) ወደቡ ጫፍ ወርጄ እንደገና ለካሁ። ግቢው ውስጥ ሦስት፣ ወደቡ ላይ ዘጠኝ። በማግስቱ ሦስትና አሥር። ሦስተኛው ቀን እሑድ ስለነበር ታናሻችንን ግቢው ውስጥ አቆምኳትና በአንድ ደቂቃ ሁለታችንም አነበብን። ያው ነው። መለኪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ንፋስ የሚያሽከረክራቸውን ዋንጫዎች ፈትቼ ዘይት ቀባሁ። አሁንም ያው ነው።

ከዚያ ቀና ብዬ አየሁ። ጥዶቹን ታስታውሳለህ? አባባ ጡረታ በወጣበት ዓመት በምዕራብ በኩል በረድፍ የተከላቸውን? ያኔ ከጉልበቴ አይበልጡም ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ ሥራ ስጨርስ በየቀኑ በባልዲ ውሃ የማጠጣቸው እኔ ነኝ። መቃብሩ ሩቅ ስለሆነ የምጎበኘው እነሱን ነበር። ዛሬ ከጣቢያው ጣራ በላይ አልፈዋል፤ መለኪያው ደግሞ ልክ ከኋላቸው ቆሟል፣ ግድግዳ ሥር እንደተቀመጠ ሰው። ንፋሱ አልላላም፣ ድንቡሼ። እኔው ነኝ ውሃ እያጠጣሁ የጋረድኩት። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ስለሚያድጉ በአጠገባቸው እያለፍኩ አላየሁም፤ እኔ፣ በየቀኑ «አይቻለሁ» እያልኩ የምፈርመው ሴትዮ። አፍሬያለሁ። ከአንተ በቀር ለማንም እንዲህ ብዬ አልጽፍም ነበር።

ግን እፍረቱ የእኔ ነው፣ ጀልባው ውስጥ የሚቀመጡት ሌሎች ናቸው። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ሰሌዳው ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «ከሰዓት በኋላ ብርቱ ንፋስ አለ። ጠፍጣፋው ጀልባ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ አይሻገር። የጣቢያው መለኪያ ከዛፍ ጀርባ ስለሆነ ተሳስቷል፤ ስህተቱ የእኔ ነው። አይቻለሁ።» ካፒቴኑ ሁለት ጊዜ አነበበው። ወደቡ ላይ «እመት ንፋስ» እንደሚሉኝ ታውቃለህ። «እመት ንፋስ፣ መንግሥት ስህተቱ የእኔ ነው ሲል ሳይ የመጀመሪያዬ ነው» አለና ቆቡን አወለቀ።

አንተም ጥናትህን ሰርዝ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። አንድ ጥያቄም አለኝ። አባባ ሳያስብ ዛፍ የሚተክል ሰው አልነበረም። ስለ ጥዶቹ ለመሥሪያ ቤቱ የጻፈው ነገር አለ? የድሮ ቅጾቹን ሁሉ ያገላበጥከው አንተ ነህና ታውቃለህ።

እህትህ

ከዋናው መሥሪያ ቤት
ግንቦት 26 ቀን

ውድ እትዬ፣

ደብዳቤሽን በምሳ ሰዓት ደረጃ ላይ ቆሜ አነበብኩት። ቢሮዬ ውስጥ ላነበው አልፈለግሁም።

ምን እንደምትጠይቂኝ ታውቂያለሽ? ያልበሰለው ዜና ይኸውልሽ፤ ከሐምሌ ጀምሮ የትንበያ ክፍሉ ኃላፊ እንድሆን ታጭቻለሁ። የታጨሁትም በዚያ ጥናት ነው። አንቺን ለማስደሰት ወረቀቱ እጄ እስኪገባ ደብቄው ነበር። እንዲህ አድርጌ እነግርሻለሁ ብዬ አላሰብኩም።

ለአለቃዬ ነግሬዋለሁ። የነገርኩት ግን «መለኪያው ላይ ጥቂት ጥርጣሬ አለ» ብዬ ነው፤ ከዚያ በላይ አፌ እምቢ አለ። እሱም ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ወቅቱ ካለፈ በኋላ ሄዶ ያያል አለ። እስከዚያ ትንበያው እንዳለ ይጸናል። ለአንቺም መመሪያ ይመጣልሻል፤ ያረቀቅሁት እኔ አይደለሁም። ጥዶቹ ባስቸኳይ እንዲቆረጡና ሰሌዳው እንዲታረም ይላል።

እትዬ፣ ይቆረጡ። ዛፎቹ ከሌሉ መለኪያው በራሱ ይስተካከላል፣ ማንም ማንንም አይወቅስም። አሥራ አራት ዓመት የተሳሳተ ቅጽ የፈረመ ሰው ምን እንደሚደርስበት አስቢ። ለጡረታሽ የቀረው ሦስት ዓመት ነው። ከነገሩ ጦም እደሩ ይባላል።

ስለ አባባ ላልሽው፣ የድሮ ቅጾቹ ብዙ ናቸው። አሁን ሥራ በዝቶብኛል።

ወንድምሽ

ከሐይቁ ዳር ጣቢያ
ሰኔ 3 ቀን

ለዋናው መሥሪያ ቤት ባለሙያ፣

ድንቡሼ ያላልኩህ ተቀይሜህ ነው።

«መመሪያ ይመጣልሻል» ላልከኝ፣ ደርሶኛል። ዛፍ ቆራጩም ረቡዕ ዕለት መጋዙን ይዞ ደርሷል። ወንበሬን አውጥቼ ከረድፉ መሃል ተቀመጥኩና ሹራቤን መሥራት ጀመርኩ። «እመት፣ እኔ ታዝዤ ነው» አለኝ። «አውቃለሁ ልጄ፣ እኔ ደግሞ አልታዘዝ ብዬ ነው» አልኩት። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጠበቀኝ። ደግ ሰው ነው፣ ክሩ ሲተበተብብኝ እንኳ ፈታልኝ። ከዚያ መጋዙን ጠቅልሎ ሄደ። የሹራቡ አንድ እጅጌ አልቋል፤ ለአንተ ነበር፣ አሁን ለማን እንደሆነ አላውቅም።

ለምን እምቢ እንዳልኩ ልንገርህ። ጥዶቹ ዛሬ ቢቆረጡ ነገ መለኪያው ዘጠኝ ያነባል። እናንተም «ዘንድሮ ብቻ የመጣ ያልታሰበ ንፋስ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ያንተም ጥናት የእኔም ስህተት ከግንዱ ጋር ተፈልጦ ማገዶ ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ያው ትንበያ፣ ያው ጀልባ። ዛፎቹ ምስክሮቼ ናቸው። ምስክር ቆርጬ አልጥልም። ስለ ጡረታዬም አታስብልኝ፤ ሻል ያለ ነገር አስብልኝ። ወቅቱ ካለፈ በኋላ ለሚመጣው ኮሚቴ ደግሞ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በልልኝ።

ሰሌዳውን በተመለከተ፣ የኩባንያው ጸሐፊ በየጠዋቱ ጽሑፌን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ የእናንተን ወረቀት ይለጥፋል። እኔ በየጠዋቱ ወረቀቱን አጥፌ በአክብሮት እመልስለትና እንደገና እጽፋለሁ። ዘጠኝ ቀናችን ነው። ጠመኔ አልቆብኝ ታናሻችን ከትምህርት ቤት ለምና አመጣችልኝ። ወረቀታችሁ «አይቻለሁ» ስለማይል ካፒቴኑ ከሰዓት በኋላ ገመድ አይፈታም። ትናንት ጸሐፊው ራሱ ሊጽፈው ጠመኔ አነሣ። «ምኑን ነው ያየኸው?» አለው ካፒቴኑ። «ወረቀቱን» አለ። ወደቡ በሙሉ ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀና ኋላ ተናደደ። ለቃሚዎቹ ንጋት ላይ ሄደው በስድስት ሰዓት ይመለሳሉ። የእርሻው ባለቤት ሲጮህባቸው ታናሻችን «ከሰዓት በኋላ ያለውን ፍሬ እርስዎ ይልቀሙት፣ እኛ ዋና አንችልም» አለችው።

እኔን የሚያስፈራኝ አንድ ነገር ነው። ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤቱ ሰኔ 11 ለጥያቄ ጠርቶኛል፤ ደርሶ መልስ ሦስት ቀን ነው። በዚያው ሳምንት ኩባንያው የሰሌዳውን ልማድ የማያውቅ ካፒቴን ከሌላ ቦታ ያመጣል አሉ። ሦስት ቀን ሰሌዳው ባዶ ከሆነ ሴቶቹን በዘጠኝ ሰዓት ይጭኗቸዋል። ታናሻችን ደግሞ ሴቶቹ ከሄዱ ወደኋላ የምትቀር አይደለችም። ያሳደግናት ይህን እንድትሆን ነው፣ እኔና አንተ።

ጥያቄዬን ዘለልከው። አባባ ጽፎ ነበር ወይ?

እህትህ

በፖስታ ጀልባው ላይ
ሰኔ 13 ቀን

እትዬ፣

ፊደሌ የሚንገጫገጨው ጀልባ ላይ ስለሆንኩ ነው። መጥቼ ነበር። አንቺ እንደማትኖሪ አውቄ ነው የመጣሁት፤ ፊትሽን ለማየት ድፍረት አጣሁ። ታናሻችን በሩን ከፈተችልኝ፣ አልጋሽ ላይ ተኛሁ። ባለ አንድ እጅጌውን ሹራብ ወንበሩ ላይ አየሁት፤ አልነካሁትም።

አዎ፣ ጽፎ ነበር። በመጨረሻው ቅጹ ላይ፣ «ምርመራ» በሚለው የመጨረሻ ዓምድ፣ ታዛቢው ማስታወሻ ካለው በሚያሰፍርበት፣ በዚያ ጠባብ ጽሑፉ እንዲህ ይላል፤ «በምዕራብ በኩል ጥድ ተክያለሁ። ከጣራው እኩል ሲደርሱ የንፋሱ መለኪያ ወደ ወደቡ ይዛወር።» ያንን ዓምድ እኛ ዘንድ ማንም አያነበውም። እኔ ግን አንብቤዋለሁ፣ ጥናቱን ስሠራ። አባባ ስለ አትክልቱ ሲያወራ የሰማሁት መሰለኝና ፈገግ ብዬ ገጹን ገለጥኩ። ያኔ ሆነ ብዬ አልደበቅሁም። አንቺ ስትጠይቂኝ ግን ትዝ አለኝ፣ ደበቅሁሽ። ይህኛው ይብሳል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚሉት ለካ ለእኔ ኖሯል።

ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደቡ ጫፍ ቆምኩ። ታናሻችን የእጅ መለኪያውን ያዘች፣ እኔ አነበብኩ። አሥራ አንድ። ባርኔጣዬ ሐይቅ ውስጥ ገባ። ካፒቴንሽ መቅዘፊያ አነሣና መልሶ አስቀመጠው፤ «የእህትዎ ቢሆን አወጣው ነበር» አለኝ። አልፈረድኩበትም።

አዲሱ ካፒቴን ጠፍጣፋውን ጀልባ ለዛሬ እያዘጋጀ ነበር። መታወቂያዬን አሳየሁት፣ የአባባን ቅጽ አሳየሁት። ቅጹን መለሰልኝና «ወረቀቱስ ጥሩ፣ አንተ ራስህ ግን ምን አየህ?» አለኝ። አሥር ዓመት ትንበያ ስጽፍ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ጠመኔ አምጪ አልኳት ታናሻችንን። የጻፍኩትን ስትመለሺ ታይዋለሽ።

ጥናቱን የሰረዝኩበት ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ነው። ነገ ጠዋት አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ሹመቱን ለሌላ ይስጡት። አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ፤ ሰሌዳውን ጠረጉት?

ድንቡሼ

ከሐይቁ ዳር ጣቢያ
ሰኔ 24 ቀን

ለድንቡሼ ወንድሜ፣

አልጠረጉትም። ጸሐፊው ጨርቁን ይዞ መጥቶ ነበር። አንተ ደግመህ ከጻፍከው ቃሌ ሥር «እኔም አይቻለሁ» የሚለውን ከነሥራ መደብህ አነበበና «ወረቀቱን የጻፉት እሳቸው፣ ይህንንም የጻፉት እሳቸው፤ እኔ የቱን ልጥረግ?» ብሎ ጨርቁን ጨምቆ ሄደ። ፊደል ያስቆጠርኩህ እኔ ነኝና ጽሑፍህን ከሩቅ ነው ያወቅሁት፤ መስመርህ አሁንም ወደ ታች ይንሸራተታል። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ካፒቴኑ ሲጠይቀኝ ንፋሱ ነው አልኩት።

አባባ ጽፎት የነበረውን ስላልነገርከኝ ሁለት ቀን ተቀይሜህ ነበር። በሦስተኛው ቀን ትዝ አለኝ፤ ያንን ቅጽ ወደ ፖስታው የከተትኩት እኔው ነኝ፣ ሳላነብ። ስለዚህ አንተም ተወው፣ እኔም ልተወው። ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሦስት ሰዎች «በማን ፈቃድ ነው የጻፍሽው?» አሉኝ። «በዓይኔ» አልኳቸው። መዝግቡት ብላቸው የሚጽፉበት ዓምድ አጡ።

ሰኔ 18 ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ንፋሱ መጣ። እንዴት እንደነበር አልነግርህም፤ አንተ አሥራ አንዱን አይተሃል፣ ይህኛው አሥራ ዘጠኝ ነበር። ጠፍጣፋው ጀልባ ባዶውን ገመዱን በጥሶ ሄደ። በማግስቱ ሸምበቆው ውስጥ ተገልብጦ አገኙት። ስልሳዎቹ ሴቶች በስድስት ሰዓት ተሻግረው ሁሉም በየቤታቸው ነበሩ። ታናሻችን እዚህ ወጥ ቤቴ ውስጥ ተቀምጣ ስለ ደመወዝ ከአዲሱ ካፒቴን ጋር ትከራከር ነበር።

አለቃህ በስልክ ደወለ። «የተጎዳ ሰው አለ?» አለኝ። የለም አልኩ። «እንግዲያው ምንም አልሆነም ማለት ነው። ይህን ሁሉ ሁከት ለምን አስነሣችሁ?» አለኝ። «አዎ ጌታዬ፣ ምንም አልሆነም። ደመወዝ የምትከፍሉኝ ምንም እንዳይሆን ነው» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ሰው ላይ ስልክ ስዘጋ የመጀመሪያዬ ነው። ጉልበቴ እንኳ ቀለለኝ።

መዝገብ ቤት እንዳዛወሩህ የነገረችኝ ታናሻችን ናት፤ አንተ መቼም ዜና መደበቅ አልተውክም። ምድር ቤት ነው፣ መስኮት የለውም አለች። እኔ ግን አላዘንኩልህም። የየጣቢያው ቅጽ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። ያንን ዓምድ የሚያነብ ሰው አልነበረም፣ አሁን አለ። ስንት ታዛቢ ስንት ነገር ጽፎ አቧራ እንደበላው አንድ በአንድ አንብብና መልስ ጻፍላቸው። አለቃህ ምን ታደርጋለህ ቢልህ፣ ሥራዬን በለው።

ሹራቡ አልቋል፤ ምድር ቤት ይበርዳልና ልበሰው። የዚህን ወር ቅጽም ከእሱ ጋር ልኬያለሁ። ቅዳሜ ዕለት ሁለቱ ካፒቴኖችና እኔ መለኪያውን ከግቢው ነቅለን ወደቡ ጫፍ ተክለነዋል። ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ አልጠየቅሁም፤ አባባ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ፈቅዷል። ጥዶቹ እንዳሉ ናቸው፣ ዛሬም ውሃ አጠጥቻቸዋለሁ። ቅጹን ስትከፍት ከመጨረሻው ዓምድ ጀምረህ አንብብ።

እህትህ